ሰማያዊ እግር ታራንቱላዎችን በአንድ ሣጥን ማሳደግ፦ ከአንድ እናት፣ በአንድ ቀን

ሁለት ታራንቱላዎችን በአንድ ዕቃ ብትከቱ በማግስቱ የምታገኙት ሆዷ የተነፋ አንዲት ሸረሪት ነው። እስካሁን ከተመዘገቡት ከ1,000 በላይ የታራንቱላ ዝርያዎች ውስጥ ከዚህ ደንብ የሚወጡት በጣት ይቆጠራሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ እዚህ ቤት ግን ያስቸገረው ድሩ ሳይሆን የባለድሯ አለማበር ነው።

ከጥቂቶቹ መካከል ሰዎች ደጋግመው ሞክረው ደህና ውጤት ያገኙባት የሶኮትራ ደሴቷ ሰማያዊ እግር ታራንቱላ፣ በሳይንስ ስሟ ሞኖሴንትሮፐስ ባልፎሪ ናት። ይህ መመሪያ የእሷን 8 ግልገሎች በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እስከ ጉልምስና ለማድረስ የሚያስፈልገውን ይዘረዝራል። ከመጀመሪያው መታወቅ ያለበት፣ አብረው የሚኖሩት ስለሚዋደዱ አይደለም። የተያዘው ነገር መቻቻል ነው፤ እሱም የሚዘልቀው ረሃብ፣ ጥበትና እንግዳ እስካልገባ ድረስ ብቻ ነው። የአፈሩ ጥልቀት፣ የምግቡ ብዛት፣ ሣጥኑ ከተከደነ በኋላ እጅን መሰብሰብ፣ ሁሉም ያንን መቻቻል ላለማፍረስ ነው።

ዝርያዋና አገሯ

ሶኮትራ የየመን ግዛት ብትሆንም ከየመን ጠረፍ ይልቅ ለአፍሪካ ቀንድ ትቀርባለች፤ ከሶማሊያው የጓርዳፉይ ጫፍ ወደ ምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛም ሩቅ አገር አይደለችም፤ ሆቅ በሚባለው ዋሻዋ ውስጥ የጥንት ነጋዴዎች ከተዉዋቸው ጽሑፎች መካከል በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፉ አሉበት። ደሴቷ ሞቃትና ደረቅ ናት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ኃይለኛ ነፋስ ይመታታል። ሸረሪቷ ከዚያ ፀሐይና ነፋስ የምታመልጠው መሬት ቆፍራ፣ ጉድጓዷን በወፍራም ድር ለብዳ ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ጥልቅ አፈር፣ ድር የምታያይዝበት ቅርፊትና ደረቅ አየር ነው። የጫካ ሸረሪት ናት ብሎ ውሃ የሚረጭባት ሰው ገና ሲጀምር ተሳስቷል።

ለሳይንስ የገለጻት ፖኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በ1897 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ስሟ በ1880 ደሴቷ ላይ ዕፅዋት የሰበሰበውን ባልፎርን ያስታውሳል። የጎለመሰች ሴት ከእግር ጫፍ እስከ እግር ጫፍ 13 ሴንቲሜትር ያህል ትሆናለች፤ እግሮቿ ሰማያዊ፣ ገላዋ የስንዴ መልክ ነው። ግልገሎቹ ግን ፈዘዝ ያሉ ቡናማ ስለሆኑ ሰማያዊ ነገር ካልታየ ተታለልኩ አትበሉ፤ ቀለሙ ከዕድገት ጋር ይመጣል።

ሌሎች አማራጮች አሉ። የትሪኒዳድና የቬኔዝዌላዋ ኒዮሆሎቴሌ ኢንሴይ እንዲሁም የታንዛኒያዋ ሄቴሮቴሌ ቪሎሴላ ድንክ ናቸው፤ ግማሽ በሚያህል ሣጥን ይበቃሉ፤ ፍጥነታቸው ግን ዓይን አያስይዝም። የሕንዷ ፔሲሎቴሪያ ሬጋሊስ ከእህቶቿ ጋር ብዙ ጊዜ በሰላም ታድጋለች፤ ነገር ግን ንክሻዋ ከባድ ነው፤ ከ2019 ውሳኔ ወዲህም የፔሲሎቴሪያ ወገን በሙሉ በሳይተስ (ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ከድንበር ድንበር ሲያልፍ ወረቀት ይጠየቅበታል። ብራኪፔልማ፣ ግራሞስቶላ፣ ቴራፎሳ፣ ብርቱካናማዋ ፕቴሪኖኪሉስ፦ እነዚህን የታራንቱላ ወገኖች ለየብቻ አሳድጉ። ከቆላ ተይዞ የመጣ የዱር ታራንቱላንም ከማንም ጋር አትክተቱ።

ግዢ

ለሻጩ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ። ሁሉም ከአንድ የእንቁላል ከረጢት ናቸው ወይ? መቼ ተፈለፈሉ? እስካሁን አብረው ነው የቆዩት ወይስ በየብልቃጡ ተለያይተው? ለመጀመሪያው ጥያቄ የማያሻማ «አዎ» ካልተገኘ አትግዙ። ለሦስተኛው «ለጥቂት ሳምንታት ተለያይተዋል» ከተባለ አሁንም ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ለየብቻ ያደጉትን ግን እህትማማች ቢሆኑም መልሶ ማገናኘት ቁማር ነው።

የምትፈልጉት መጠን ከእግር እስከ እግር ከ1.5 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ነው። ዋናው ደግሞ እኩልነታቸው ነው፤ ሸረሪት የምታድገው አሮጌ ቆዳዋን እየጣለች ነውና። ከአንድ ከረጢት ወጥተውም አንዷ ሁለት ጊዜ ቆዳ ቀይራ ሌላዋ ወደኋላ ከቀረች፣ ትልቋ ትንሿን የምታየው በእህት ዓይን ላይሆን ይችላል። የአንድ ቆዳ ልዩነት ችግር የለውም፤ የሁለት ግን አለው።

ቁጥሩን 8 ያልነው ለሣጥኑ ስፋት የሚመች ስለሆነ ነው። ከ5 በታች ከሆነ አንድ ሁለት ስትሞት የቡድኑ ነገር ያበቃል፤ ከ12 በላይ ሲሆን ደግሞ ሲያድጉ መተንፈሻ ያጣሉ። ከ8 ግልገል አንድ ወይም ሁለት በልጅነት መሞት የተለመደ ነውና በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ደሴቷ ከ2008 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት፤ በቤት ተራብተው ያደጉ ግልገሎች በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ ልብ ስለሚገኙ ከዱር የተያዘ መግዛት ምንም ምክንያት የለውም። ሚኒያፖሊስ ወይም ፍራንክፈርት የምትኖሩ በክረምት በፖስታ አታስመጡ፤ ካስመጣችሁም የሙቀት ከረጢት ይግባበት። አገር ቤት ያላችሁ ሕያው እንስሳ ማስገባት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ከላይ የሚከፈት የዓሣ መስታወት፦ 45 በ45፣ ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር። በፊት በር የሚከፈተው ሣጥን ያምራል፤ ግን ድሩ በሩ ላይ ይጣበቅና በከፈታችሁ ቁጥር የሠሩትን ታፈርሳላችሁ።

4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) ለክዳን፣ ከአራት መቆንጠጫ ጋር።

ማዳበሪያ ያልገባበት ተራ አፈር 20 ሊትር፣ የኮኮናት ቃጫ 12 ሊትር፣ የታጠበ አሸዋ 8 ሊትር። በጡብ መልክ የሚሸጠው 650 ግራሙ የኮኮናት ቃጫ ሲነከር ከ8 እስከ 9 ሊትር ስለሚሆን አንድ ተኩል ይበቃል።

የቡሽ ዛፍ ቅርፊት፦ አምስት ወይም ስድስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ የእጅ መዳፍ የሚያህል፤ ሁለቱ ግማሽ ቱቦ ቢሆኑ ይመረጣል።

ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር የሚረዝም ወረንጦ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ብርጭቆዎች፣ ለውሃ መጠጫ የሚሆን ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን፣ ቴርሞሜትር፣ ቀይ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ።

ሣጥኑን መሥራት

1. ክዳኑን ቁረጡ፤ ከዚያ በ2 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ከ60 እስከ 80 ቀዳዳ ብሱበት። ቀዳዳዎቹ በሁለት ትይዩ ዳር ይሁኑ፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ነው። አክሪሊክ በፍጥነት ከተሰረሰረ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ እንጨት፣ ከላዩ ፕላስተር አድርጉና በዝግታ ሂዱ። ቀዳዳው ለምን 2 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ? ሸረሪት የደረቷ ጠንካራ ጋሻ ባለፈበት ሁሉ ታልፋለች፤ የ2 ሴንቲሜትር ግልገል ጋሻ ደግሞ 5 ሚሊሜትር ያህል ነው። የሽቦ ወንፊት አትጠቀሙ፤ የእግሯ ጥፍር ይያዝበትና ስትታገል እግሯን ታጣለች። የፕላስቲኩን ወንፊት ደግሞ በጥርሷ ትቀደዋለች።

2. በክዳኑ መሐል በክብ መጋዝ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አውጡና በሚገጥም ክዳን ዝጉት። ይህች ቀዳዳ ከሁሉም ዕቃ ትበልጣለች፤ ምግቡ የሚወርደው በእሷ ስለሆነ ትልቁን ክዳን ለወራት ላትከፍቱት ትችላላችሁ። የገመድ ማስገቢያ ወይም የመስታወት ስንጥቅ ካለ በሲሊኮን ድፈኑ። ሲሊኮኑ የሆምጣጤ ሽታ አለው፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቢያንስ 3 ቀን ጠብቁ።

3. ሣጥኑን የሚኖርበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ ሙሉት። 30 ሊትር የተጠቀጠቀ አፈር ከመስታወቱ ጋር ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሞልቶ ማንሳት ወገብም መስታወትም ይሰብራል። ቦታው ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት፣ ከቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያና ከልብስ ማጠቢያ ማሽን የራቀ ይሁን። ሸረሪቶቹ ዓለምን የሚያዩት በንዝረት ነው።

4. አፈሩን ቀላቅሉና በትንሽ በትንሹ ውሃ ጨምሩበት። ልኩ የበሶ ጭብጦ ነው፦ በጭብጥ ሲያዝ ተያይዞ ይቁም፣ ጣት ሲነካው ይፈረካከስ፣ ሲጨመቅ ግን ጠብታ አይውጣው። በጣም ደረቅ ከሆነ ጉድጓዱ ይናዳል፤ ጭቃ ከሆነ ይሻግታል።

5. በ5 ሴንቲሜትር በ5 ሴንቲሜትር ንጣፍ እየጨመራችሁ በቡጢ ጠቅጥቁት። ከኋላ 18፣ ከፊት 12 ሴንቲሜትር ሆኖ ዘቅዘቅ ይበል። 40 ሊትር ልል አፈር ሲጠቀጠቅ ወደ 30 ሊትር ይወርዳል። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ከ12 እስከ 18 ሴንቲሜትር ይቀራል፤ ከዚያ እንዳይበልጥ፣ ምክንያቱም ከከፍታ የወደቀች ታራንቱላ ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል።

6. ቅርፊቶቹን ወደ 10 ሴንቲሜትር ያህል ቅበሩ፤ አንዳንዱ ተጋድሞ፣ አንዳንዱ ቆሞ። በየሥራቸው በእርሳስ ውፍረት ዱላ 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር የሚሆን መጀመሪያ ጉድጓድ ውጉ፤ በድምሩ 10 ይሁን። የምትወዱት ድንጋይ ካለ አፈሩ ላይ አታስቀምጡት። ከሥሩ ይቆፍሩና ይደረመስባቸዋል፤ ድንጋይ የሚገባው ከመስታወቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው።

7. የውሃውን ክዳን ከፊት ጥግ አኑሩ። ከዚያ ክደኑና ባዶውን ከ7 እስከ 10 ቀን ተዉት። በዚህ ጊዜ ላይኛው አፈር ይደርቃል፤ ሻጋታ የሚመጣ ከሆነም ሸረሪት ሳይገባበት ይታያል።

ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ከዋለ ተጨማሪ ማሞቂያ አያስፈልግም። የግድ ከሆነ ክፍሉን ማሞቅ ይሻላል። የማሞቂያ ምንጣፍ ከሣጥኑ ሥር መዘርጋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሸረሪት ሲሞቃት የምታመልጠው ወደ ታች ስለሆነ የምትሸሸው ወደ እሳቱ ይሆናል። ከጎን፣ ከአፈሩ ከፍታ በላይ፣ በቴርሞስታት (ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚሠራ ብቻ።

የማስገቢያው ቀን

ግልገሎቹ ሲደርሱ በየብልቃጣቸው እያሉ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን አሳርፉ፤ እያንዳንዷንም አንድ ጊዜ አጥግቡ። የጠገበች ሸረሪት እግር ለነካት ሁሉ አትዘልም። ያልበላችና ሆዷ የሚያብለጨልጭ ካለች ቆዳ ልትቀይር ነው፤ ሁሉም እሷን ይጠብቁ። ቀይራ ጥርሷ እስኪጠነክር አንድ ሳምንት ስጧት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባሉ። ዛሬ አምስት፣ ለነገ ሦስት የሚባል ነገር የለም። አስቀድማ የገባችው ድር ስትዘረጋ ቦታው የእሷ ይሆናል፤ ዘግይታ የመጣችው ደግሞ በድሩ ላይ የምትራመድ ምግብ ትመስላለች።

ብልቃጡን በሳፋው መሐል አድርጋችሁ ክፈቱ። ብታመልጥ የምትሮጠው በሳፋው ግድግዳ ዙሪያ ስለሆነ በብርጭቆ ትከደናለች። አፉን ከአንዱ መጀመሪያ ጉድጓድ ጋር አግጥሙና ከኋላ እግሯ በኩል በብሩሽ ጫፍ ነካ አድርጓት። ፊት ለፊት አትንኩ፤ ብሩሹ ላይ ወጥታ ክንዳችሁ ላይ ልትደርስ ትችላለች። አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ከገባች በኋላ ቀጣይዋን በሌላ ቅርፊት ሥር፤ እንዲህ እያላችሁ ስምንቱንም ጨርሱ። ከዚያ መብራት አጥፉ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ለ2 ቀን አትንኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከየቅርፊቱ ሥር ቀጭን ድር ይወጣል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ድሮቹ ይገናኙና ብዙ ጊዜ የአንድ ጎጆ በር ያህል ነጭ መጋረጃ ይሠራሉ። በሌሊት በቀይ ብርሃን ብታዩ ሁለት ሦስቱ በአንድ ቀዳዳ አፍ እግር ለእግር ተደራርበው ታገኛላችሁ። ሲነካኩ አንዷ በፊት እግሯ ሌላዋን መታ መታ ታደርግና ሁለቱም ዝም ይላሉ። ይህ ጤናማ ነው። አንዷ ስትቀርብ ሌላዋ የፊት እግሮቿን አንስታ ጥርሷን ገልጣ የምትቆም ከሆነና ይህ ከቀን ወደ ቀን ከተደጋገመ ግን ጠበኛዋን ለይታችሁ አውጧት።

መመገብ

ቡድን የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለብቻዋ ያለች ታራንቱላ ሁለት ወር ሳትበላ ብትቆይ ማንም አይጎዳም፤ በቡድን ውስጥ ግን የራበችው በቅርብ የምታገኘው ሥጋ እህቷን ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ መግቡ። ለ8 ግልገል ከ10 እስከ 12 ቁራጭ፦ ለሁሉም ይደርሳል፣ ጥቂት ይተርፋል። ጥሩው ምግብ አዲስ የተገደለ የዱቢያ በረሮ (ለእንስሳት ምግብ ተብሎ የሚረባ በረሮ) ግልገል ወይም የፌንጣ ቁራጭ ነው፤ መጠኑ ከሸረሪቷ ሆድ አይብለጥ። ቁራጮቹን በየጉድጓዱ አፍ በትኑ እንጂ በአንድ ቦታ አትከምሩ። አንዳንዴ ከነሙሉ አንድ ትልቅ የሞተ በረሮ ብትጥሉ ሦስት አራት ግልገሎች በአንድነት ተሰብስበው ይበሉታል፤ እንደ አንድ መሶብ። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ለዘወትር ግን ቁራጭ መበተኑ ይሻላል፤ ደካማዋ ከገበታው ትገፋለችና።

በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተነሳውን በወረንጦ አውጡ። የበሰበሰ ሥጋ ትናንሽ ዝንቦችንና ቅንቅንን ይጠራል።

ከእግር እስከ እግር 5 ሴንቲሜትር ሲሞሉ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሲጎለምሱ በየ10 ወይም 14 ቀኑ ይበቃል። ሕያው ምግብ ስትሰጡ የበረሮውን ራስ በወረንጦ ጨፍልቁ፤ አለበለዚያ አፈር ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ፌንጣ ደግሞ ቆዳ እየቀየረች ጀርባዋ ላይ የተኛችን ሸረሪት መብላት የሚችል እንስሳ ነውና አድሮ እንዳይገኝ።

መብላታቸውን የሚነግራችሁ ሆዳቸው ነው። ሆዷ ከደረቷ ጋሻ አንድ ጊዜ ተኩል ከሆነ ደህና ነች። ከጋሻው ያነሰና የተጨማደደ ከሆነ ርቧታል ወይም ጠምቷታል። ሁሉም ወፍረው አንዷ ብቻ ከስታ ከድሩ ውጭ በመስታወቱ ጥግ የምታድር ከሆነ ብዙ አትጠብቁ፤ በብርጭቆ አውጥታችሁ ለብቻ አሳድጉ። የወጣች አትመለስም።

ውሃ

የውሃው ክዳን ሁልጊዜ ይሙላ፤ በድር ከሸፈኑት ድሩ ላይ ጠብ አድርጉላቸው። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ በአንድ ጥግ ብቻ 100 ሚሊሊትር ያህል በቀስታ አፍስሱ፤ ታችኛው አፈር ይርሳል፣ ላይኛው ይደርቃል፤ የሚሻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። በክረምት ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ በሚሠራበት አፓርታማ በየሳምንቱ ሊሆን ይችላል። በመስታወቱ ላይ ጤዛ አድሮ ካያችሁ ግን አብዝታችኋል፤ እስኪደርቅ አቁሙ።

ቆዳ መቀየርና ቆጠራ

ለአዲስ ጀማሪ በጣም የሚከብደው የሚያያቸውን መቁጠር አለመቻሉ ነው። ስምንት አስገብቶ በሌሊት ሦስት ብቻ ያያል፤ ቀሪዎቹ ተበሉ ብሎ ይቆፍራል። ቁፋሮው ራሱ ነው የሚያጠፋቸው፤ ቆዳ ቀይራ ገና ለስላሳ የሆነች ሸረሪት ላይ አፈር ከወደቀ አትተርፍም። አትቆፍሩ።

በምትኩ የሚጥሉትን አንብቡ። ቆዳ ሲቀይሩ አሮጌውን ወደ ጉድጓዱ አፍ አውጥተው ይጥሉታል። በወረንጦ አንስታችሁ ተመልከቱት፦ የደረቱ ጋሻ እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ተፈንቅሎ ተከፍቷል፣ እግሮቹ ባዶ ቱቦ ናቸው፣ የሆዱ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጨማዷል፤ ክብደት የለውም፣ አይሸትም። ይህ መልካም ዜና ነው። የሞተች ሸረሪት ግን ጋሻዋ አይከፈትም፤ እግሮቿ ወደ ውስጥ ተቆልፈዋል፤ ከቆየች ትሸታለች። የተበላች ከሆነ ደግሞ የምታገኙት ጥቁር የታኘከ ክብ ነገርና የተቆራረጠ እግር ነው። ይህንንም ቢሆን ወዲያው ግድያ አትበሉት፤ በራሷ የሞተችን ሌሎቹ ይበሏታል። ቀሪዎቹ ወፍራሞች ከሆኑና አንድ ብቻ ከሆነ ቀጥሉ፤ በወር ውስጥ ሦስት ከሆነ ምግቡን እጥፍ አድርጉ፣ ከዚያም መርምሩ።

ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከሆኑ የጣሉት ቆዳ ፆታንም ይነግራል። ቆዳውን አንድ ጠብታ ሳሙና በገባበት ውሃ አለስልሱ፣ ሆዱን በቀስታ ዘርጉት። ከውስጥ በኩል በላይኞቹ ሁለት ነጭ የሳንባ ምልክቶች መሐል ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ብቅ ያለች ትንሽ ኪስ ካለች ሴት ናት፤ ባዶ ከሆነ ወንድ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

የሚበላሸው በየት በኩል ነው?

በኋላ አዲስ ሸረሪት መጨመር፦ አይሠራም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ሣጥን መቀየር፦ «በትንሽ ጀምሬ ሲያድጉ አዛውራለሁ» የሚለው ሐሳብ ለብቸኛ ታራንቱላ ትክክል ነው። ለቡድን ግን ድሩ ሲፈርስ ሁሉም በአንድ ቀን ባይተዋር ይሆናሉ፤ መበላላቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ነው ከመጀመሪያው በመጨረሻው ሣጥን የተጀመረው። መስታወቱ ቢሰነጠቅና የግድ ቢሆን ድሩንና አፈሩን ሳትበትኑ በብሎክ በብሎክ አዛውሩ፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ መግቡ።

ቅንቅን፦ በውሃው ዳርና በምግብ ፍርፋሪ ላይ የሚርመሰመስ ነጭ ነጥብ ካያችሁ ፍርፋሪውን አውጡ፣ ውሃውን ቀንሱ። መድኃኒት አትርጩ፤ ተባይ የሚገድል ሁሉ ሸረሪትንም ይገድላል። ክፍሉ ውስጥ የበረሮ ወይም የትንኝ ፍሊት መንፋት፣ ለድመት የቁንጫ መድኃኒት ቀብቶ በዚያው እጅ ሣጥኑን መንካት፣ ሁለቱም ቡድኑን በአንድ ሌሊት ሊጨርሱ ይችላሉ።

ንክሻ

ይህች ዝርያ እንደ አሜሪካ ታራንቱላዎች የሚያሳክክ ጠጉር አትበትንም፤ መከላከያዋ ጥርሷ ነው። የጎለመሰችው ንክሻ ብርቱ ሕመም፣ እብጠትና ለቀናት የሚመላለስ የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። እጅ ወደ ሣጥኑ አይገባም፤ ሥራ ሁሉ በረጅም ወረንጦ ነው። በ45 ሴንቲሜትር ሣጥን ውስጥ አንዷን ስታዩ ያላያችኋቸው ሰባት ናቸው። ከተነከሳችሁ ቦታውን ታጠቡ፣ ቀለበት አውልቁ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የዝርያዋን ስም ጽፋችሁ መያዝ ሐኪሙን ያግዘዋል። ሕፃን ባለበት ቤት ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው።

ወንዶቹና ቀጣዩ ትውልድ

ወንዶች ከሴቶቹ ቀድመው ይጎለምሳሉ። የጎለመሰ ወንድ እግሩ ረጅም፣ ሆዱ ትንሽ ነው፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት አጫጭር እግሮች ጫፋቸው የቦክስ ጓንት ያጠለቁ ይመስላሉ። ጉድጓዱን ትቶ ሌሊቱን በመስታወቱ ዙሪያ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ሴቶቹ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራሉ።

ወንዶቹን ከተዋችኋቸው ከእህቶቻቸው ጋር ይጣመራሉ። መራባት የማትፈልጉ ከሆነ ሲዞሩ ጠብቃችሁ በብርጭቆ አውጧቸው፤ ከሌላ የዘር መስመር ሴት ላለው አርቢ መስጠት ይቻላል። ከተጣመሩ አንዷ ሴት ለሳምንታት ትሰወራለች፤ በኋላም በድሩ ላይ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር ሲነጻጸር ቁጥራቸው አነስ፣ መጠናቸው ተለቅ ያሉ ግልገሎች ይታያሉ። እናትየዋ የያዘችውን ሥጋ አብረዋት ይበላሉ፤ ትልልቆቹም ብዙውን ጊዜ አይነኳቸውም። ያኔ ቁርጥራጭ ምግቡን ከእንደገና በሳምንት ሁለት ጊዜ ጀምሩ።

ሣጥኑ ግን ለ30 ነፍስ አልተሠራም። ግልገሎቹ 1.5 ሴንቲሜትር ሲሞሉ በምሽት በላይኛው ድር ላይ ይወጣሉ፤ በምግብ ቀዳዳዋ በኩል ረጅም ብሩሽና ጠባብ ብልቃጥ አስገብታችሁ በየሌሊቱ ሦስት አራቱን ልቀሙ። የምትሸጧቸው ከሆነ ገዢው ከአንድ ከረጢት መሆናቸውን ይጠይቃችኋል፤ ወላጆቻቸው ወንድምና እህት መሆናቸውን ግን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።